ስድስተኛው መሰናክል

እንደ እንግሊዝ የስፖርት ጋዜጠኛ ያለ የልብ መርማሪ አላየሁም። ሐኪም እንኳ ልብ ለማዳመጥ ጆሮው ላይ የሚሰካው ነገር ያስፈልገዋል። ለእነሱ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «እስቲ መዝሙሩን በይልን!»

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ኢስታንቡል ውስጥ ነው። የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሊጀመር ነው፤ የብሪታንያ ቡድን አምበል ደግሞ የመሰናክል ሯጯ ቲፋኒ ፖርተር ናት። ልጅቷ ሚሺጋን፣ አሜሪካ ነው የተወለደችው። አባቷ ናይጄሪያዊ፣ እናቷ የለንደን ልጅ። በወጣቶች ውድድር ለአሜሪካ ሮጣ፣ በ2010 ወደ ብሪታንያ ዞረች። ዜግነቱ እንደሆነ በእናቷ በኩል ድሮም ነበራት። ግን ዜግነት ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ አይዘምርም።

የ60 ሜትር መሰናክል ሩጫ 5 መሰናክል አለው። ስድስተኛው የቆመው ጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ነው። አንዱ ጋዜጠኛ «ጎድ ሴቭ ዘ ኩዊን» የሚባለውን የብሪታንያ ብሔራዊ መዝሙር መጀመሪያ እንድትልለት ጠየቃት። እሷም ግጥሙን እንደምታውቀው፣ በዘፈን ችሎታ ግን እንደማትታወቅ ነግራው አለፈች። አለቀ፣ ተያዘች! ውጭ ሀገር ተወልዶ ለብሪታንያ ለሚወዳደር የወጣው ስም፣ «ፕላስቲክ እንግሊዛዊ» ማለት ይህች ናት።

የፈተናውን ብልሃት እዩልኝ። ለሁሉም አይሰጥም። እዚያው እንግሊዝ ተወልዶ፣ መዝሙር ሲዘመር አፉን ጥርቅም አድርጎ የሚቆም ኳስ ተጫዋች ሞልቷል። እሱ በልቡ እየዘመረ ነው፣ ተዉት። ሁለተኛውን አንቀጽ ጠያቂው ራሱ ይወጣው እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው። (እኛስ ብንሆን? ስታዲየም ውስጥ ከመሃል ጀምሮ «እምም» እያልን የምንጨርሰው ስንቶቻችን ነን?)

የ«ፕላስቲክ»ን ዘመቻ ያጧጧፈው ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ነው። ክብር ይገባዋል፤ ልምዱ የቆየ ነው። በ1984 ዞላ በድ የምትባል፣ በባዶ እግሯ የምትሮጥ ደቡብ አፍሪካዊት ነበረች። ሀገሯ በአፓርታይድ የተነሳ ከኦሎምፒክ ታግዳለች። ይኸው ጋዜጣ «አያቷ እንግሊዛዊ ናቸው» ብሎ ተሟገተላት፣ ፓስፖርቱም ባስቸኳይ ወጣ። ያኔ ፕላስቲክ ገና አልተፈለሰፈም መሰለኝ።

እኛም በዚህ ሙያ የምንታማ አይደለንም። ሲፋን ሀሰን አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ ትሮጣለች። ሌላ ሀገር ስታሸንፍ «ምን ብትሄድ ደሟ የእኛ ነው» እንላለን፣ ደረታችንን ነፍተን። በ2024 ፓሪስ ላይ በማራቶን ትዕግስት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ስትገባ ግን፣ ያ ደም በአንድ ጠዋት ደች ሆኖ አረፈው።

ፖርተር? ኢስታንቡል ላይ በዚያው ሳምንት ብር ወሰደች። በ2013 ሞስኮ ላይ በ100 ሜትር መሰናክል ነሐስ። በ2014 ዙሪክ ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። አንደኛ ለወጣ ደግሞ እንደ ደንቡ ባንዲራ ይሰቀላል፣ የሀገሩ መዝሙር ይሰማል። ጋዜጠኛው የለመናትን መዝሙር ያን ዕለት ጋበዘችው፣ ከነኦርኬስትራው።