ከፊት ለፊቴ ናራያን ሺያም ነው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው በሩቅ አገር ሰው ምክንያት ነው። ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1965 ህንድና ፓኪስታን ጦር ተማዘዙ። በፓኪስታን ሲንድ ምድር፣ ሺካርፑር ተወልዶ ያደገው ሼኽ አያዝ ያኔ እዚያው ሲንድ፣ ሱኩር ከተማ ውስጥ ጠበቃ ነበር፤ በምድሪቱ ቋንቋ በሲንዲ ይገጥማል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ከገጣሚ የሚጠበቀው ሽለላና ፉከራ ነው። አያዝ ግን ድንበሩን አሻግሮ ሲያይ ጠላት አልታየውም፤ ናራያን ሺያም ታየው። ሺያም ሂንዱ ነው፤ በ1947 ምድሪቱ ለሁለት ስትከፈል ከሲንድ ተነቅለው ወደ ህንድ ከተሰደዱት አንዱ። እዚያም ሆኖ የሚገጥመው በዚያው በእናቱ ቋንቋ ነበር። አያዝ ጻፈለት፦ ጦርነቱ ይኸው፣ ከፊት ለፊቴ ግን ናራያን ሺያም ነው፤ ቋንቋችን አንድ፣ ቃላችን አንድ፤ በምን እጄ ጠመንጃ ልደግንበት?

ያለው ይኸው ነው። ምስጢር አልሸጠም፣ ለማንም በር አልከፈተም። ከሃዲ ተባለ። የህንድ ቅጥረኛ ተባለ። መጻሕፍቱ ታገዱ፣ እሱም ታሰረ።

መንግሥትስ ይሰር፤ ወኅኒውን የሠራው ለዚያ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የሰዉ ነገር ነው። ያ ሰው እኮ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የሲንድ ታላቅ ባለቅኔ፣ የሻህ አብዱል ላቲፍን ግጥሞች፣ ለተቀረው ፓኪስታን ብሎ ወደ ኡርዱ የመለሰ ነው! በ1971 ደግሞ ሳሂዋል ወኅኒ ወረደ፤ እዚያም ማስታወሻ ጻፈ። በ1976 የሲንድ ዩኒቨርሲቲን እንዲመራ ተሾመ፣ ኋላም ኒሻን ተሰጠው። በ1997 ሲሞት ቢት ሻህ፣ ላቲፍ ካረፈበት ዘንድ በክብር ቀበሩት። መቅበሩንማ እኛም እናውቅበታለን።

ይህን ሁሉ የማወራው ለሲንድ ሰዎች አይደለም። «ባንዳ» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ ለማታወጡት ለእናንተ ነው። በግጥሙ «በወዲያኛውም ወገን እናት አለች» ያለውን ልጅ ከመድረክ በፉጨት ላወረዳችሁት። ለእናንተ ልበል እንጂ...

በእኛ አቆጣጠር በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የሰፈራችን ሰዎች በሌሊት ተወሰዱ። ከእናቴ ጋር ቡና ይጣጡ የነበሩ፣ በአማርኛ ተረት ያጫወቱኝ ሴትዮ ወደ አስመራ ከተሸኙት መካከል ነበሩ። ልጃቸው የቀረውን ዕቃ በጥድፊያ ስትሸጥ ቁም ሳጥኑን የገዛሁት እኔ ነኝ። ዋጋውንም ተከራክሬ አስቀነስኩ። ያኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነበርኩ፤ ግጥም እጽፍ ነበር። ስለ እሳቸው አንዲት ስንኝ አልጻፍኩም። አያዝ ጠመንጃው ከብዶት አልቅሷል፤ እኔ ቁም ሳጥን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ።

ስለዚህ ስገሥጻችሁ ከእናንተ በላይ ቆሜ አይደለም። ግን እባካችሁ፣ ቀጥሎ እንዲህ ያለ ግጥም የሚያነብ ልጅ ሲነሳ እስኪጨርስ ድረስ ዝም በሉ። ማጨብጨቡ ይቅር።

መስከረም 1 ቀን 2011 ድንበሩ ተከፍቶ ሰው ሲተቃቀፍ በቴሌቪዥን ሳይ፣ ተነሥቼ ቁም ሳጥኑን ወለወልኩት። ሴትዮዋ በሩ ላይ የለጠፏት የማርያም ሥዕል እስካሁን አለች። ማንም አልመጣም። ድንበሩም መልሶ ተዘጋ። በር ሲንኳኳ ግን ዛሬም ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ።