ክንፍ የተላላኪ ነው

የግሪክ አማልክት በሲቪል ሰርቪስ ደንብ ቢተዳደሩ ኖሮ ሄርሜስ የሚመደበው «ጽዳትና ተላላኪ» ላይ ነበር። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሉሲያን የተባለው ጸሐፊ ሥራውን ዘርዝሮታል። ሄርሜስ እናቱ ዘንድ ሄዶ ያማርራል፤ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የግብር አዳራሹን ይጠርጋል፣ ያነጥፋል፣ ከዚያ የዜውስን መልእክት ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይውላል፣ ማታ ሌላው ሲተኛ ደግሞ ሙታንን ወደ ሲኦል የሚሸኘው እሱ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባል ነገር አልተጠቀሰም። ያለው ጥቅማ ጥቅም አንድ ነው፤ ክንፍ ያለው ጫማ።

አለቃው ዜውስ ይህን ጫማ አያደርግም። ፊዲያስ ኦሎምፒያ ላይ ለሠራው ግዙፍ ሐውልት ጫማውን በወርቅ እንዳበጀለት ጳውሳንያስ የሚባል የጥንት ግሪካዊ ተጓዥ አይቶ ጽፏል። ወርቅ ነው እንጂ ክንፍ የለውም። ዙፋን ላይ ለተቀመጠ ሰው ክንፍ ምን ይሠራለታል? ሲቸኩል የሚታየው ሁልጊዜ የተላከው ነው፣ የላከውማ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል።

የእኛ አንባቢ ሄርሜስን የሚያውቀው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ነው። የልስጥራን ሰዎች በርናባስን ድያ፣ ማለትም ዜውስ፣ ጳውሎስን ግን በመናገር ዋና ስለነበረ ሄርሜን አሉት። ልብ በሉ፣ ዝም ያለው አለቃ ተባለ፣ ሲናገር የዋለው ተላላኪ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምያር (የዛሬዋ የመን) ሊዘምት ሲሰናዳ፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ከባልንጀራው ከሜናስ ጋር አዱሊስ ላይ ያለውን የዙፋን ጽሑፍ ሲገለብጥ ከዙፋኑ ጀርባ ሄርኩለስና ሄርሜስ ተቀርጸው አገኘ። ሜናስ ሄርሜስ የሀብት ምልክት ነው አለ። ኮስማስ ይችኑ ምዕራፍ ጠቅሶ የለም፣ የንግግር ነው ብሎ ሞገተው። ክርክሩን እስከ ጥቅሱ ጽፎልናል፤ ስለ ጫማው ግን አንዲት ቃል የለም። ሁለት የተማሩ ሰዎች ሲከራከሩ እግር ማን ያያል።

የግሪኩን ባለቅኔ ሆሜርን ብትጠይቁት ጫማው ክንፍ እንዳለው አይነግራችሁም። ወርቅ ነው፣ አያረጅም፣ ከነፋስ እኩል በባሕርና በየብስ ላይ ይወስዳል፤ በቃ። ክንፉ ከጊዜ በኋላ የበቀለ ነው፣ ሠዓሊውም የራሱ ምክንያት አለው። ባለቅኔ «እንደ ነፋስ» ብሎ ያልፋል፤ ሸክላ ላይ የሚሥል ሰው ነፋስን በምን ቀለም ይቀባዋል? ስለዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉትን ማሰሮዎች ስታዩ ሄርሜስ የተጫማው ቦት ነው፤ ከፊት ምላሱ ወጣ ያለ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ወደ ላይ የተቆለመመ ክንፍ ያለው። ለሠዓሊው ቦት ይመቻል፤ ክንፉ የሚሰፋበት ቆዳ አለው። ሰንደል የመጣ ዕለት ነው ጣጣው የጀመረው፤ ከጠፍር በቀር የሚያያዝበት ነገር የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንመራመር። ክንፉን በውስጥ በኩል ብታደርገው በእያንዳንዱ እርምጃ ከሌላኛው እግር ክንፍ ጋር ይፋተጋል፤ በሳምንቱ ላባ አይተርፍም። በውጭ በኩል ወይም ከተረከዙ ኋላ ማድረግ ይሻላል፤ ቢሆንም ደረጃ ሲወርዱ ይይዛል። ክንፉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመዳፍ አይበልጥም። አልባትሮስ የሚባለው የባሕር ወፍ 10 ኪሎ ገደማ ሆኖ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ያልፋል። አንድ ሙሉ ወንድ ከነበትሩ በአራት መዳፍ ላባ ይነሳል ማለት ድፍረት ነው። ቢነሳስ? የሰው ክብደት መሃሉ እምብርት አካባቢ ነው። የሚያነሳው ኃይል ከቁርጭምጭሚት ከመጣ እግር ወደ ሰማይ፣ ራስ ወደ መሬት ይሆናል። መልእክቱ ይደርስ ይሆናል፤ መልእክተኛው ግን ተዘቅዝቆ ነው የሚያነበው።

ይህን ሁሉ አስቦበት የሠራ አንድ ባለሙያ አለ፣ ስሙ አልደረሰንም። ቬሱቪየስ በ79 ዓ.ም. ከቀበራት ሄርኩላኒየም በ1758 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣና ዛሬ ኔፕልስ ሙዚየም ያለ የነሐስ ሄርሜስ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያርፋል፣ ተላላኪ ሲያርፍ ማየት ብርቅ ነው። እግሩ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ጠፍሮቹ እግሩን ዞረው ውስጥ እግሩ ላይ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙበት ቦታ ላይ በአበባ ቅርጽ የተሠራ እብጥ ያለ ማያያዣ አለ። ልክ ሰው መሬት በሚረግጥበት ቦታ! በዚህ ጫማ ሁለት እርምጃ የተራመደ ሦስተኛውን በእንፉቅቅ ነው። ጀርመናዊው የጥንት ሥነ ጥበብ አጥኚ ቪንክልማን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩን አስተውሎ ቀራጺው ምን እንዳለ ገባው፦ ይህ ጫማ ለመብረር እንጂ ለመሄድ አልተሠራም።

ጫማ ካለ መወልወል አለ። የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ እንደሚለው ሜርኩሪ፣ ሮማውያን ለሄርሜስ ያወጡለት ስም ነው፣ አቴና ላይ ሄርሴ የምትባል የንጉሥ ልጅ ከበዓል ስትመለስ አይቶ ልቡ ከዳው። ከመግባቱ በፊት ጸጉሩን አበጠረ፣ ካባው የወርቅ ጠርዙ እንዲታይ አድርጎ አስተካከለ፣ እግሩ ንጹሕ መሆኑን፣ ባለ ክንፉ ጫማም ማብረቅረቁን አረጋገጠ። የአምላክ ልጅ ነው፣ ሰማይ ሰንጥቆ መጥቷል፤ ያስጨነቀው ግን ሊስትሮ ፊት ወረፋ የያዘን ጎረምሳ ሁሉ የሚያስጨንቀው ነው። ይህን ሁሉ ተሰናድቶ በሩ ላይ ያገኘው የልጅቷን እህት አግላውሮስን ነው። እሷ ጫማውን አላየችም። ለማስገባት ብዙ ወርቅ ጠይቃ፣ እስኪያመጣ ድረስ ከቤት አስወጣችው።

ከሄርሜስ ሌላ በዚህ ጫማ የታወቀው የግሪክ ተረት ጀግናው ፔርሲየስ ነው፤ እሱም ተልኮ ነው። የሴሪፎስ ንጉሥ ፖሊዴክቲስ የፔርሲየስን እናት ፈልጓታል፣ ልጁ ግን መንገድ ላይ ቆሟል። ንጉሡ ለሌላ ሰርግ ነው ብሎ መዋጮ ጠራ። ፔርሲየስ ሞቅ ብሎት ያያት ሁሉ ድንጋይ የሚሆንባትን የጎርጎንን ራስ እንኳ ቢሆን አልሰስትም አለ። ሌሎቹ ፈረስ ተጠየቁ፣ እሱን ግን ባልከው ያዝ ተባለ። መዋጮ ላይ አፉን የከፈተ ሰው ዕጣው ይኸው ነው። ባለ ክንፉን ጫማ ኒምፍ የሚባሉት የተረት ልጃገረዶች አዋሱት፤ የብሪቲሽ ሙዚየም አንድ ማሰሮ ላይ አንዷ ጫማውን፣ አንዷ ቆቡን፣ አንዷ ከረጢቱን ይዘው ሙሽራ እንደሚያለብሱ አክስቶች ተሰልፈዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት እዚህ አልሠራም፤ ደምቆበታል።

የጎርጎንን ራስ ቆርጦ ሲመለስ ግሪኮች ኢትዮጵያ በሚሉት ሰፊ አገር የንጉሡን ልጅ አንድሮሜዳን ለባሕር አውሬ ተሰጥታ ድንጋይ ላይ ታስራ አገኛት። (ኦቪድ ጠይም ናት ብሏል፤ ቲሺያን በ1550ዎቹ ለስፔኑ ፊሊፕ ሲሥላት ነጭ አድርጓታል። ሰዓሊ ሲላክም የላከውን ፊት ያያል።) አውሬው ደም የተቀላቀለ የባሕር ውኃ ተፋበት፣ የጫማው ላባ ራሰና ከበደ። ፔርሲየስ ከዚያ በኋላ ጫማውን አላመነውም፤ ከውኃው ብቅ ያለች ድንጋይ ላይ ቆሞ በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ወጋው። ላባ በክረምት አይሆንም። ሲጨርስ ደግሞ ጫማውን ለሄርሜስ አስረከበ፣ ሄርሜስም ለኒምፎቹ መለሰ። በአፈ ታሪክ ከተጻፈው ሁሉ ለማመን የሚከብደው ይህ ነው፤ የተዋሰውን የመለሰ ሰው።

ይህንኑ ፔርሲየስ በነሐስ የቀረጸው ቼሊኒ በእግሩ ሊያብድ ነበር። ፍሎረንስ ውስጥ ለመስፍን ኮሲሞ ነው የሠራው፣ በ1554 ተመረቀ። ከማቅለጡ በፊት ለመስፍኑ ቀኝ እግሩ አይወጣም አለው፤ የቀለጠው ነሐስ ከላይ ገብቶ ወደ ስድስት ክንድ ቁልቁል ሲወርድ ትኩሳቱ እየደከመ እግሩ ጋ አይደርስም ነበር ሐሳቡ። በቀኑ ራሱን ቼሊኒን ትኩሳት ጣለው፣ ነሐሱ ምድጃው ውስጥ ረጋ። ተነስቶ እንጨት ጨመረ፣ አልፈስ ሲለው የቤቱን ሳህንና ጎድጓዳ ሁሉ፣ ወደ 200 የሚሆን የቆርቆሮ ዕቃ፣ ወረወረበት። ሲቀዘቅዝ ቆፈረ። ራሱ ደህና፣ ወገቡ ደህና፣ ተረከዙም ሞልቷል! እሰይ ማለት ሲገባው ተናደደ፣ ለመስፍኑ አይወጣም ብሎታላ። ትንሽ ቢቆፍር ጣቶቹ የሉም፤ ያን ጊዜ ደስ አለው። አለቃ ፊት ትክክል መሆን ከሙሉ እግር ይበልጣል።

ሌላው ቀራጺ ጃምቦሎኛ በ1580 ሜርኩሪውን በአንድ እግሩ ጣት ከነፋስ እስትንፋስ ላይ አቆመው፤ ክንፉ ክብደት ይጨምራል እንጂ አያግዝም። ፈረንሳዊው ቀራጺ ፒጋል በ1744 በሠራውና ሉቭር ባለው ትንሽ ዕብነ በረድ ሜርኩሪ ደመና ላይ ተቀምጦ ጠፍሩን ያስራል፣ ዓይኑ ግን እግሩ ላይ አይደለም፤ ገና ሳያስር ተጠርቷል። ከዚያ አሜሪካ ገባ። አክሮን፣ ኦሃዮ ውስጥ ፍራንክ ሳይበርሊንግ የሚባል የጎማ ፋብሪካ ያቋቋመ ሰው ቤቱ የደረጃ መደገፊያ ላይ የሜርኩሪ ሐውልት ነበረው፤ በ1900 ገደማ ባለ ክንፍ እግሩን ብቻ ወስዶ ለፋብሪካው ለ«ጉድ ይር» ምልክት አደረገው። ዛሬም በሁለቱ ቃላት መሃል እየበረረ ጎማ ይሸጣል፤ መሬት ካልነካ የማይሠራ ዕቃ።