በብድር የታሰረ ቀለበት

የቀለበቴን ዋጋ ያወቅኩት በተጋባን በአራተኛው ወር ነው። የነገረኝ ባለቤቴ አይደለም። ኮቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ አራት ቦታ የታጠፈ የብድር ውል አገኘሁ። የተፈረመበት ቀን ቀለበት ካሰረልኝ ቀን በሁለት ሳምንት ይቀድማል። ተከፍሎ የሚያልቀው ግን ገና ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። አራት ወር ሙሉ "ደሞዝህ የት ነው የሚገባው?" እያልኩ ስነዘንዘው ነበር። እሱ ዝም ይላል። እሱ ዝም ባለ ቁጥር እኔ ሌላ ሌላ ነገር አስባለሁ። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን እስከማለት ደርሼ ነበር። ለካ ገንዘቡ እኔው ጣት ላይ ነው።

ይህን የማወራው ባሌን ላሳጣው ብዬ አይደለም። ከማውጣቴ በፊት አስነብቤዋለሁ። "ጻፊው፣ አንድ ሰው እንኳ ቢተርፍ" ብሎኛል። ወገኖቼ፣ ልቆጣችሁ የተነሳሁት ይኸው ነገር በየቤቱ ሲደገም ስለማይ ነው። የእህት ቁጣ አድርጋችሁ ተቀበሉኝ።

ወንድሞቼ፣ በእናንተ ልጀምር። "ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ ያልወጣበት ቀለበት አይባልም" የምትሉት ነገር ከየት መጣ? የሃይማኖት ትእዛዝ አይደለም። አባቶች ያወረሱት ሥርዓትም አይደለም። ማስታወቂያ ነው። ማን እንዳስወራውም ይታወቃል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልንገራችሁ።

ደቢርስ የሚባል ኩባንያ አለ። የተቋቋመው በ1888 ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አልማዝ በገፍ መገኘት ከጀመረ በኋላ። በገፍ የሚገኝ ነገር ይረክሳል። ስለዚህ ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ወደ ገበያ የሚወጣውን ድንጋይ እየመጠነ ዋጋው እንዳይወድቅ አድርጎ ኖረ። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የዓለም ኢኮኖሚ ደቅቆ ገዢ ሲሳሳ፣ ኤን ደብልዩ አየር የተባለ የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። የድርጅቱ ሥራ ሰው ፍቅርን ሲያስብ አልማዝን እንዲያስብ ማድረግ ነበር። በ1947 ፍራንሲስ ጌሬቲ የምትባል የድርጅቱ ጸሐፊ "አልማዝ ዘላለማዊ ነው" የምትለውን ዐረፍተ ነገር ጻፈች። ያቺ አጭር ዐረፍተ ነገር ዓለምን ዞረች።

ከዚያ መስፈሪያውም አብሮ መጣ። መጀመሪያ የአንድ ወር ደሞዝ ተባለ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወደ ሁለት ወር ከፍ አለ። ለጃፓኖች ደግሞ ሦስት ወር ተባለ። ድንጋዩ ያው ነው፣ ሻጩም ያው ነው። በ1967 ጃፓን ውስጥ የአልማዝ ቀለበት ያደረጉ ሙሽሮች ከ100 አምስት አይሞሉም ነበር። በ1981 ወደ 60 ደረሱ። በ14 ዓመት ውስጥ! ይህንን ነው እንግዲህ እናንተ ከጥንት የመጣ ሥርዓት አድርጋችሁ የምትጨነቁበት።

ከዚያ በፊትስ ሰው አይተጫጭም ነበር? የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ፣ በእሱ ዘመን ለታጨች ሴት የሚላከው ቀለበት የብረት እንደነበር ጽፏል። ፈርጥ እንኳ የለውም። እነዚያም ተጋብተዋል፣ ወልደዋል።

አሁን ወደ ብድሩ ልመለስ፤ የኔ ጉዳይ እሱ ነውና። በተበደርከው ገንዘብ ቀለበት ስትገዛ ለእጮኛህ ስጦታ የሰጠሃት ይመስልሃል። ግን ያልከፈልከውን ነገር አትሰጥም። ከተጋባችሁ በኋላ ኪሳችሁ አንድ ነው። የወሩ ክፍያ ከቤት ኪራዩ ላይ ይቀነሳል፣ ከልጁ ልብስ ላይ ይቀነሳል። እሷም ሳታውቅ የራሷን ስጦታ ከነወለዱ ትከፍላለች። ያንን ነው ያደረግኩት እኔ። ለእኔ ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው ነበር፤ ፊርማዬ የሌለበትን ውል ሁለት ዓመት ከፈልኩ።

ታዲያ ከገንዘቡ ይልቅ ያመመኝ መደበቁ ነው። "ለምን አልነገርከኝም?" ስለው ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና "ፈርቼሽ" አለኝ። ምን አድርጌው ነው የሚፈራኝ? ጠየቅኩት። ነገረኝ።

እህቶቼ፣ ይህ ለእኔና ለእናንተ ነው። ከመታጨታችን በፊት አንድ ቀን የጓደኛዬን ቀለበት አይቼ "እንዲህ ያለ ያሰረላት ሰው ምን ያህል ቢወዳት ነው!" ብያለሁ። አጠገቤ ነበር። እኔ የተናገርኩትን እዚያው ረስቼዋለሁ። እሱ ግን ይዞት ቤቱ ገባ፤ ሌሊት ሌሊት ሲያሰላ ከረመ። ከኔ አፍ የወጣች አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት ብድር ቤት የላከችው። የወንድን ፍቅር በድንጋይ ስንለካ የሚሰማን ሰው እንዳለ እንወቅ። "እኔ እኮ ምንም አልጠየቅኩትም" ማለት አይበቃም። እኔም አልጠየቅኩትም ነበር።

ደግሞ "ስንት ካራት ነው?" መባባሉን ተዉት። አንድ ካራት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? 0.2 ግራም ነው። ክብደት ነው፤ ትልቅነትም፣ ጥራትም፣ ፍቅርም አይደለም። አንድ ካራት ሙሉ የሆነ አልማዝ ከ0.9 ካራቱ ዋጋው ዘሎ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነ ብቻ። ጣት ላይ ሲሆን ግን ልዩነቱን ዓይን አይለየውም ማለት ይቻላል። ሰው ለዚያች ለማትታየው ልዩነት የወራት ድካሙን ይከፍላል።

አልማዝ ነው የምትፈልጉት? ጥሩ ነው፣ ቆንጆ ድንጋይ ነው፣ አልክድም። ግን በላቦራቶሪ የሚሠራ አልማዝ መኖሩን እወቁ። በ1954 አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተረጋገጠ መንገድ ከተሠራ ወዲህ ሥራው እየተራቀቀ መጥቷል። ከመሬት ከሚወጣው ጋር አንድ ዓይነት ካርቦን ነው፤ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ዋጋው ግን በእጅጉ ያነሰ ነው። ሰንፔርና ሩቢም አሉ። ከአልማዝ ቀጥለው ከጠንካሮቹ ድንጋዮች ውስጥ ናቸው፤ በየቀኑ ቢደረጉ በቀላሉ አይጫሩም። ምንም ፈርጥ የሌለው የወርቅ ቀለበትም ቀለበት ነው። ውስጡ 750 ተብሎ ከተመታ 75 ከመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ባለ 18 ካራት የሚባለው እሱ ነው፤ የወርቅ ካራት እንደ ድንጋዩ ክብደት አይደለም፣ የንጽሕና መለኪያ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው "ምርጫ የለኝም" የሚለውን ሰበብ ልቀማችሁ ብዬ ነው።

"ቀለበት እኮ ንብረት ነው፣ ሲቸግር ይሸጣል" የሚልም አይጠፋም። እኛም እንደዚያ ብለን ነበር። ብድሩን ባወቅኩ በሳምንቱ ቀለበቱን አውልቄ "እንሽጠውና እንገላገል" አልኩት። ይዘን ሄድን። ወርቅ ነጋዴው ወርቁን መዘነ፣ ድንጋዩን በመነጽር አየ፣ ከገዛንበት ግማሹን እንኳ የማይሞላ ዋጋ ጠራልን። ባለቤቴ ፊቱ ተቀየረ። እኔ ሰውዬው ሊያጭበረብረን የፈለገ መስሎኝ ነበር። ሌላም ቦታ ሞከርን፤ ከዚያ ብዙ የራቀ አልነበረም። በኋላ ነው የገባኝ። ከሱቅ ስንገዛ የሱቁን ትርፍ፣ የሠራተኛውን የእጅ ዋጋ፣ ግብሩን ሁሉ ከፍለናል። ስንሸጥ እነዚያ ሁሉ የሉም። ወርቁ በሚዛን ይከፈላል፤ ድንጋዩ ግን ከሱቁ በር በወጣ ማግስት ያገለገለ ዕቃ ነው። መልሰን ጣቴ ላይ አድርገነው መጣን። መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

እናንተ ደግሞ ዳር ቆማችሁ የምታዩት፣ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ። የሙሽሪትን እጅ ጎትታችሁ "ስንት ገዛው?" የምትሉት እናንተ ናችሁ። እንኳን ደስ ያለሽ ከማለታችሁ በፊት! ልጅቷ አንዳንዴ ዋጋውን አታውቅም፣ አንዳንዴ አውቃ ታፍራለች። ፎቶው ሶሻል ሚዲያ ላይ ሲወጣ ሁለቱን ሰዎች ትታችሁ ጣቷን ዙም አድርጋችሁ የምታዩትም እናንተ ናችሁ። ከስር "አይ፣ ትንሽ ነች" ብሎ የሚጽፍ አለ። ያንን ስትጽፍ ሌላ ቦታ ሆኖ የሚያነብ አንድ ወጣት "እኔማ እንዲህ አልዋረድም" ብሎ ለብድር ፎርም ይሞላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም እያልን አድገን፣ ልጆቻችንን በሰው ወርቅ ካልደመቃችሁ የምንል ሆንን። ይህንን ነውር በሉት። ተዉት።

በ2014 ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አሜሪካ ውስጥ አግብተው የሚያውቁ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከወንዶቹ መካከል ለቀለበት ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ያወጡት፣ ከ500 እስከ 2,000 ካወጡት ይልቅ የመፋታት አጋጣሚያቸው 1.3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቀለበት ትዳር ያፈርሳል እያልኩ አይደለም፤ ጥናቱም ምክንያቱን አላረጋገጠም። "ውድ ቀለበት ትዳር ያጸናል" የሚል ሰው ካለ ግን ማስረጃውን ያምጣ።

"እሺ፣ ታዲያ ስንት ይውጣበት?" ትሉኛላችሁ። ቁጥር አልሰጣችሁም። የአንዱ ብዙ ለሌላው ትንሽ ነው። የምለው ይህን ነው፤ ዛሬ እጃችሁ ላይ ካለው ይውጣ። ከነገ ደሞዝ አይደለም፣ ከብድር አይደለም፣ ከጓደኛ አይደለም። ከወጣ በኋላም አንዳችሁ ብትታመሙ ወይ ሥራ ብታጡ ጥቂት ወራት የሚያቆማችሁ ገንዘብ ይቀመጥ። ያ ሁሉ ተቀንሶ የተረፈው ትንሽ ከሆነ ቀለበቱም ትንሽ ይሁን። ብዙ ከሆነ፣ ያለው ሰው ለሚወዳት ትልቅ ቢገዛ ማን ምን ይለዋል? እኔ አልቃወምም።

በሌላ በኩል በየዓመቱ ስልክ እየቀየርክ፣ ቀለበት ሲነሳ "ይህ የማስታወቂያ ማታለያ ነው" የምትል ወንድሜ፣ ከላይ የጻፍኩትን ለስስትህ መደገፊያ አታድርገው። ላንተ አልጻፍኩትም።

እና አንድ ነገር፣ ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ። ገንዘቡን ተነጋገሩበት። "ሰርፕራይዙ ይበላሻል" አትበሉኝ። የምትጠይቅበት ቀን፣ ቦታው፣ የምትናገረው ቃል ሰርፕራይዝ ይሁን። ገንዘቡ ግን ሰርፕራይዝ አይሁን። "ያጠራቀምኩት ይህን ያህል አለ። ከዚህ ላይ ለቀለበት ይህን ያህል ማውጣት እችላለሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ?" ይኼ ነው በቃ። አፍ ላይ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ከዚህ በኋላ አብራችሁ የምትነጋገሩት ብዙ የሚከብድ ነገር አለ፤ ስለ ቤት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ወላጆቻችሁ ጡረታ። ስለ አንዲት ቀለበት መነጋገር ካቃታችሁ ስለዚያ ሁሉ እንዴት ልትነጋገሩ ነው? እሷ ሰምታ ፊቷን ብታዞርብህም፣ ከሠርጉ በፊት ማየትህ ላንተ ጥሩ ነው። አብዛኞቻችን ግን ፊታችንን አናዞርም። እኔ አላዞርም ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ቢጠይቀኝ ኖሮ ያለ ፈርጥ አንዲት ቀጭን ቀለበት መርጬ፣ የተረፈውን ለቤት ኪራይ አስቀምጥ ባልኩት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ሁለቱን ዓመት ከፍለን ጨርሰናል። ቀለበቱ አሁንም ጣቴ ላይ ነው። እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም እሱን እወደዋለሁ። ግን ሳየው አሁንም አንዳንዴ ያ አራት ወር ትዝ ይለኛል፤ እሱ ዝም ብሎ፣ እኔ ስነዘንዝ።

አሁን ይህን እያነበብክ ኪስህ ውስጥ፣ ወይ መሳቢያህ ውስጥ፣ እሷ የማታውቀው የታጠፈ ወረቀት ያለህ ወንድሜ። ዛሬ ማታ አውጣው። ጠረጴዛው ላይ ዘርጋውና አሳያት። ትቆጣለች፣ ምናልባት ታለቅሳለች። እኔም አልቅሻለሁ። ግን ከኮት ኪስ ከማገኘው፣ ከእጁ ብቀበለው በወደድኩ።