ባዶ ነው ያላችሁት መስመር የት ላይ እንደሚቋረጥ አይታችኋል?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረበ እንግዳ የተናገረው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ባዶአቸውን ነው የሚውሉት አለ። ስለዚህ ቢያንስ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ለመኪና ማቆሚያ ይሁኑ አለ። ከተማዋም ዳገት ናት፣ የብስክሌት ባህልም የለንም ብሎ ጨረሰ። አወያዩ «እውነት ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

እውነት አይደለም።

ከዳገቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም የሰነፈው ክርክር እሱ ነው። ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት መውጣት ያደክማል፣ እሺ። የእንጦጦን አቀበትማ ተዉት። ግን አዲስ አበባ ማለት ቸርችልና እንጦጦ ብቻ ናት እንዴ? ከሜክሲኮ ሳር ቤት ለመሄድ ምን የሚያቅት ዳገት አለ? ከመስቀል አደባባይ ቦሌስ? ከጀሞ ለቡስ? ደግሞ ዳገት የከበደው ሰው ወርዶ ይገፋል፣ ላቡን ጠርጎ ይቀጥላል። ዳገት ማንንም ገጭቶ አያውቅም።

ባህል የለንም ለሚለውም ያው ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሄዶ ጠዋት መንገድ ዳር መቆም ይበቃል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። የኛው ብስክሌተኛ ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ትልቁን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ መላው ዓለም አይቶታል። የቸገረን ባህል ሳይሆን በሰላም ገብቶ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መስመሩ ለምን ባዶ ይሆናል? መልሱ ያለው መስመሩ ላይ አይደለም፣ መስመሩ ሲያልቅ ነው። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት ደስ ይላል፤ ንጣፉ ለስላሳ ነው፣ ከመኪናው መንገድም ከፍ ብሏል። ከዚያ መስቀለኛ መንገድ ወይም አደባባይ ይመጣል። ብስክሌተኛ በመኪና የሚገጨው እዚህ ነው፣ መስመሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እዚሁ ነው። ቀለም የለም፣ ምልክት የለም፣ ለብስክሌት ተብሎ የሚበራ መብራት የለም። በድንገት ከሚኒባስና ከሲኖትራክ መሀል ትወረወራለህ።

አደባባይ ላይ የሚሆነውን በደንብ እዩት። ብስክሌተኛ ቀኝ ጥግ ያዝ ይባላል። ቀኝ ጥግህን ይዘህ መዞር ትጀምራለህ። ከአደባባዩ ወደ ቀኝ የሚወጣው መኪና ሁሉ ታዲያ የሚታጠፈው አንተ ላይ ነው። አንተ ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ፣ እሱ ይቆርጥሃል። ወደ አደባባዩ ሊገባ የተዘጋጀው ሾፌር ደግሞ የሚያየው ወደ ግራ ነው፣ ክፍተት እየፈለገ፤ በቀኙ በኩል ብስክሌት ይኖራል ብሎ አያስብም። ሲኖው ከሆነማ ቢያስብም አያይህም፣ ከጋቢናው ሥር ነህ። መሀሉን ልያዝ ካልክ ከኋላ ክላክስ ይወርድብሃል፣ «ጥግ ያዝ አንተ!» ትባላለህ። ጥግ ብትይዝ ትገጫለህ፣ መሀል ብትይዝ ትሰደባለህ። ይህን እያወቀች ልጇን በብስክሌት ትምህርት ቤት የምትልክ እናት ካለች አሳዩኝ።

ስለዚህ መስመሩ አንድ ኪሎ ሜትርም ይሁን አሥር፣ የሚለካው በጣም አስፈሪ በሆነው ሃምሳ ሜትሩ ነው። ሰው መንገድ ሲመርጥ ለስላሳውን ክፍል አያሰላም። ያን መሻገሪያ ያስባል፣ ብስክሌቱን ግቢ ውስጥ ትቶ ታክሲ ይሰለፋል። ጣሪያ ያልተመታበት ቤት ሠርቶ ተከራይ ጠፋ ማለት አይሠራም።

መስመሩ ላይ ያለው ችግርም ቢሆን ቀላል አይደለም። ፌርማታ አካባቢ ወያላው «ወራጅ አለ!» ይላል፣ ሚኒባሱ ጥግ ይይዛል፣ በሩ ተንሸራቶ ይከፈታል፣ ዘንቢል የያዘች ሴትዮ በቀጥታ ብስክሌት መስመሩ ላይ ትወርዳለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የምትወርድበት ሌላ ቦታ አልተሠራላትም። አንተ ግን ፍሬን ይዘህ ወይ እሷን ወይ አጥሩን ትመርጣለህ። እንግዳው ይህንኑ መስመር መኪና ይቁምበት ነው የሚለው። ዛሬ ለሁለት ሰዓት የተፈቀደለት መኪና ነገ ቀኑን ሙሉ እንደሚውል አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። አንዴ የሄደ መስመር ደግሞ አይመለስም።

ደግሞስ ባዶ ነው ያለው በየትኛው ሰዓት አይቶ ነው? ጀርባቸው ላይ ትልቅ ሳጥን አዝለው ምግብ የሚያደርሱት የዴሊቨሪ ልጆች አይታዩትም? እሱ ቢሮ ተቀምጦ ያዘዘው ምሳ በማን እግር ነው የሚመጣለት? እነዚህ ልጆች አደባባይ ሲደርሱ ምን እንደሚያደርጉ አይቻለሁ። ይወርዳሉ፣ ብስክሌቱን በእጃቸው ይዘው ከእግረኛ ጋር ዜብራውን ይሻገራሉ፣ ከዚያ እንደገና ይወጣሉ። የከተማውን መንገድ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እነሱ ያልደፈሩትን አደባባይ ማን ይደፍረዋል?

ከተማዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳና ለመኪና ሲዘጋ ልጆች በብስክሌት መስቀል አደባባይን ሞልተውት ነበር። ያኔ ባህል ከየት መጣ? መኪናው ዞር ሲል መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቀው ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መስመር ይላል። በወረቀት ላይ ቃል ገብቶ መስመሩን አደባባይ ላይ መቁረጥ፣ ከዚያ ደግሞ ተጠቃሚ የለም ብሎ ለመኪና መስጠት ግፍ ነው። ሌላ ስም የለውም።

መደረግ ያለበት ሰማይ መቧጠጥ አይደለም። መስመሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለም ይቀጥል። ቀኝ ታጣፊ መኪና ፍጥነቱን እንዲቀንስ ማዕዘኑ ይጥበብ፣ ጉብታ ይሠራ። መብራት ባለበት ብስክሌት ከመኪናው ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ይለቀቅ። ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ የሚወርድበት ቦታ ከመስመሩ ይለይ። መስመሩን ለመኪና ማቆሚያ የመስጠቱ ሐሳብ ደግሞ ዛሬውኑ ይቅር። እነዚህ ከተሠሩ በኋላ ቁጠሩ፤ ቆጠራውም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይሁን፣ ከመኪና ወርዳችሁ፣ አደባባዩ ጋ ቆማችሁ።