ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም!

ሦስት ቀን ሙሉ ውስጤ ሲብሰለሰል ከረመ። ዛሬ ልተንፍሰው።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት እንቁላል ስለሚጥሉ አጥቢዎች ተማርን። ዛሬ በምድር ላይ የቀሩት ፕላቲፐስና ኤኪድና ናቸው፤ አገራቸውም ወደ አውስትራሊያና ኒው ጊኒ ነው። «ስለ ሁለቱ አንብባችሁ፣ ስላችሁ አምጡ» አልኩ።

ከክፍሉ በጣም ትጉ የሆነችው ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። በእርሳስ ጥንቅቅ ተደርጎ የተሳለ ጥንዚዛ። ስድስቱም እግሮች በየቦታቸው። ከሥሩ «ፕላቲፐስ፦ ግንድ ቦርቡሮ ይኖራል» ይላል። ገጹን ስገልጥ ኤኪድና ደግሞ እባብ የመሰለ የባሕር ዓሣ ሆኖ ተስሏል። ልጆቹ ስቀውባታል። «ቲቸር፣ እኔ በሳይንሳዊ ስማቸው ነው የፈለግኩት» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

እኮ ጥፋቷ ምንድን ነው? በሳይንሱ መዝገብ ፕላቲፐስ የጥንዚዛ ስም ነው! ሄርብስት የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1793 ለጥንዚዛው አወጣው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሾው በ1799 ያንኑ ስም የዳክዬ ዓይነት መንቆር ላለው እንስሳ ደገመው። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም አወጣጥ ሕግ ለቀደመው ስለሚፈርድ ስሙ ለጥንዚዛው ጸና፤ ባለ መንቆሩ ኦርኒቶሪንከስ ተባለ። ኤኪድናም ያው ነው። ፎርስተር በ1788 ለዓሣው ሰጠው፣ ኩቪዬ በ1797 ለእሾሃማው እንስሳ። እሾሃማው አሁን ታኪግሎሰስ ነው።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስሙ ከተቀየረ 200 ዓመት አልፎታል፤ ሰዉ ግን በድሮው መጥራቱን አልተወም። ያስተማርኩበት ጽሑፍም «ፕላቲፐስ» ብሎ ያልፋል። አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ የለውም። ታዲያ ልጅ በምን ትለየው?

ይባስ ብሎ ሕጉ የሚከለክለው እንስሳ ከእንስሳ ሲጋጭ ብቻ ነው። ዕፅዋት የራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ የኛው ወርካ የሚመደብበት ፊከስ፣ የባሕር ቀንድ አውጣም ስም ነው። የደጋው አስታ ኤሪካ ነው፤ ፓናማ ውስጥ ደግሞ ኤሪካ የምትባል ሸረሪት አለች። ፊከስ ቫሪየጋታ ብላችሁ ፈልጉ እስቲ። ዛፍም ቀንድ አውጣም ይመጣላችኋል፣ ሁለቱም ቃል አንድ ዓይነት!

ስሙን ያወጣውን ሰውና ዓመቱን ጎኑ ላይ መጻፍ ስንት ቦታ ይፈጃል? «ሄርብስት፣ 1793»። አለቀ። መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ ድረ ገጽ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ይቺን አትዝለሉ።

ለልጅቷ ሙሉ ማርክ ሰጥቻታለሁ። ነገ ደብተሯን ይዛ ክፍሉ ፊት ቆማ ስለ ጥንዚዛው ታስረዳለች።