ለክቡር የመንገድ መብራት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ሌሊቱን ሙሉ ስለማይቋረጠው አገልግሎትዎ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ከአጥሬ ማዶ ከተተከሉበት ዕለት ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ በርተው እስኪነጋ ድረስ ያለ አንዳች መታከት ሲያበሩ ስመለከት ኖሬ፣ ይህን ያህል ትጋት ያለ ምስጋና ማለፉ ነውር መስሎ ስለታየኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። መከለያ የሌለው ራስዎ ለመንገዱ ከሚሰጠው ባልተናነሰ ለጓሮዬ፣ ለመኝታ ቤቴ መስኮትና ለሰማዩ ይለግሳል። በሰማዩ ላይ የሚሄድ እግረኛ መኖሩን ግን እስካሁን አላረጋገጥሁም።

እኔ የሌንሷ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር በሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ ላይ ካሜራ ገጥሜ ደብዛዛ ጋላክሲዎችንና ኔቡላዎችን (በከዋክብት መካከል የተዘረጉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎችን) ፎቶ የማነሣ ሰው ነኝ። ሰሞኑን የአንድሮሜዳ ጋላክሲን እንግድነት እየጠበቅሁ ነው። ብርሃኑ ከቤቱ የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ያን ሁሉ ዘመን ባዶ ሕዋ አቋርጦ ጓሮዬ ሊገባ አንድ ሐሙስ ሲቀረው በር ላይ ቆመው የሚቀበሉት ክቡርነትዎ ነዎት። ጋላክሲው ከዓይን የሚሰወረው ትንሽ ስለሆነ እንዳይመስልዎ፤ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚሸፍነውን ያህል ሰማይ ይይዛል። ብርሃኑ በዚያ ስፋት ላይ ስለተበተነ ግን ጠርዙ ከጨለማው የሚለየው በጥቂቱ ብቻ ነውና፣ እርስዎ ሰማዩን ግራጫ ሲቀቡት ያችው ጥቂት ልዩነት ትሰምጣለች።

ምድር ስለምትዞር ቴሌስኮፑን የተሸከመው ሞተር ከዋክብቱን እግር በእግር ይከተላል፤ እኔም በ3 ደቂቃ አንድ ፎቶ እያነሣሁ 60ውን በኮምፒውተር እደራርባለሁ። ፎቶው በበዛ ቁጥር ምስሉን የሚያጨማልቀው ነጠብጣብ ይቀንሳል፤ ቅነሳው ግን ስስታም ነው፣ ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ፎቶ ይጠይቃል። በቸርነትዎ ሰማዩ አራት እጥፍ ከደመቀ ደግሞ የአንድ ሌሊቱ ሥራ አራት ሌሊት ይሆናል።

ከእርስዎ በፊት በዚሁ ምሰሶ ላይ ያገለግሉ የነበሩትን ቢጫውን የሶዲየም መብራት ዛሬ ዛሬ በናፍቆት አስታውሳቸዋለሁ። ብርሃናቸው ከሞላ ጎደል በአንድ ቢጫ ቀለም፣ በ589 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ የተሰበሰበ ስለነበር አንዲት ማጣሪያ ትገታቸው ነበር። ክቡርነትዎ ግን ነጭ ኤልኢዲ እንደመሆንዎ ከሰማያዊ እስከ ቀይ ያልረገጡት ቀለም የለም። በሃይድሮጅን ጋዝ የሚያበራ ኔቡላ ከሆነስ የጋዙን 656.3 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ጠባብ ማጣሪያ ሾልኬ አመልጥዎታለሁ፤ ጋላክሲ ግን የከዋክብት ድምር ነውና እንደ እርስዎ በሁሉም ቀለም ስለሚያበራ፣ አንዳችሁን ስከለክል ሌላችሁም ደጅ ትቀራላችሁ።

መከለያ እንዲደረግልዎ ለሚመለከተው ክፍል አመልክቼ ነበር። የመጣው ባለሙያ ቀና ብሎ አየዎትና «መብራቱ እኮ ይሠራል» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በሁለት እንጨት መካከል ጥቁር ብርድ ልብስ ወጥሬ ልጋርድዎ ብሞክር፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ብርድ ልብሱ እየተነፋ ቴሌስኮፑን ስለሚጎሽመው የዚያ ሌሊት ከዋክብት ሁሉ በፎቶው ላይ ጭራ አብቅለው ተገኙ።

በመጨረሻ አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። ክቡርነትዎም አብረው ሄዱ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ብጠብቅ አንድሮሜዳ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በመስተዋት ላይ እንደቀረ የትንፋሽ ጉም ሆኖ ታየኝ። እየሮጥሁ ወደ ቴሌስኮፑ ስደርስ ግን ሞተሩም ካሜራውም እርስዎ ከሚመገቡበት መስመር የሚመገቡ ኖረው ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል።

እነሆ አሁን ትልቅ ባትሪ ገዝቼ፣ እስኪሞላ ሞልቼ ከቴሌስኮፑ እግር ሥር አስቀምጫለሁ። የዓመት ፈቃድዎን መቼ ለመውሰድ እንዳሰቡ ቢያሳውቁኝ ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ከአጥሩ ወዲህ ያሉት ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
ለጨረቃ፣ በየወሩ ሁለት ሳምንት ያህል በዚሁ ሥራ ስለሚያግዙዎት