ለምለም ቆስጣ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በአቃቂ ወንዝ የሚለማው አትክልት ከባድ ብረቶችን፣ ማለትም እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ መርዛማ ብረቶችን፣ እንደሚይዝ የሚገልጽ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ጉዳዩን በደንብ አስረድቷል። አንድ ነገር ልጨምር። የተበከለ አፈር ላይ የበቀለ ጎመን ጠውልጎ ወይም ቢጫ ሆኖ የምንለየው ይመስለናል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ካድሚየም ከዚንክ ጋር ስለሚመሳሰል፣ የተክሉ ሥር ዚንክ በሚያስገባበት በር ያስገባዋል። ተክሉም ራሱን ለመከላከል ብረቱን አስሮ በሴሎቹ ውስጥ ባለ ከረጢት ያከማቸዋል። ስለዚህ አረንጓዴ ሆኖ፣ አምሮበት ገበያ ሊወጣ ይችላል። እርሳስ በአብዛኛው ሥሩ ላይ ይቀራል፤ ካድሚየም ግን ቅጠሉ ድረስ ይወጣል። ቆስጣና ሰላጣ ከቲማቲም ይልቅ የሚያሳስቡኝ ለዚህ ነው።

እናቴ ቆስጣ ስታጥብ ሦስት አራት ጊዜ ውኃ ትቀይራለች። አፈሩና ቆሻሻው ይለቃል። ቅጠሉ ውስጥ የገባው አይለቅም።

ገበሬዎቹን መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ወንዙን የበከሉት እነሱ አይደሉም፤ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ካድሚየም ወደ ተክሉ ይበልጥ ይገባል፤ ኖራና ብስባሽ መጨመር ይቀንሰዋል። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ምክር ማሳው ድረስ ይዘው ቢሄዱ በጣም ደስ ይለኛል። ፋብሪካዎቹም ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ያቁሙ።